የመኖሪያ ቤት ግብር ጭማሪን የሚገድቡ የሕግ ድንጋጌዎች

የመኖሪያ ቤት ግብር በሁለት መንገድ ሊጨምር ይችላል። አንደኛው የማስከፈያ ምጣኔው ከፍ ሲል ነው፤ ይህ በሕግ አውጪው አካል ተወስኖ ስለሚታወጅ ባለቤቱ አስቀድሞ ያውቀዋል። ሁለተኛው የቤቱ ግምት ሲያድግ ነው። በዚህ ጊዜ ምጣኔው ሳይነካ የሚከፈለው ገንዘብ ይጨምራል፤ ቅሬታም በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ በሚያልፍባቸው በእንጅባራና በዳንግላ፣ በመንገዱ ዳር አንድ ቤት ብቻ ያለው ጡረተኛ የቤቱ ዋጋ ስላደገ አበሉ አይጨምርም። ቤቱን ካልሸጠ ወይም ካላከራየ በቀር ከዕድገቱ በእጁ የሚገባ ገንዘብ የለም።

የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 የቤት ግብርን የመሠረተው በዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ሲሆን፣ ምጣኔውም ከ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 4.5 በመቶ ይደርሳል። አዋጁ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 መሠረት አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው በተደነገገ ማግስት ስለነበር፣ አብዛኛው ግብር ከፋይ በቤቱ የሚኖር ባለቤት ነበር። ዓመታዊ የኪራይ ግምቱ ከ300 ብር በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ከግብር ነፃ ተደርጓል። ይህ በወር 25 ብር ማለት ነው። መጠኑ በቁጥር ተወስኖ በመቅረቱ፣ ዛሬ አንዲት ክፍል እንኳ በዚህ ዋጋ ስለማትከራይ፣ ድንጋጌው አነስተኛ ገቢ ያለውን ባለቤት የመጠበቅ አቅሙን አጥቷል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት የንብረት ታክስን ለየትኛው የመንግሥት እርከን እንደሚሆን በስም ስላልደለደለ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንቀጽ 99 መሠረት በ2015 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለክልሎች ሰጥተዋል። ይህን ተከትሎ የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 የታክሱን መሠረት ከንብረቱ የገበያ ዋጋ 25 በመቶ ያደርገዋል፤ የሕንፃ ምጣኔውንም ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ባለው ውስጥ ይወስነዋል። ለአብነት 2,000,000 ብር የተገመተ ቤት ታክስ የሚሰላበት 500,000 ብር ነው፤ ስለሆነም በዝቅተኛው ምጣኔ 500 ብር፣ በከፍተኛው 5,000 ብር ይከፈልበታል። የመሬት መጠቀሚያ መብት ለብቻው ይሰላል። በእነዚህ ወሰኖች መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት የሚሞላው በክልል ሕግ በመሆኑ፣ የእንጅባራና የዳንግላ ባለቤት በቅድሚያ ሊመለከተው የሚገባው የአማራ ክልልን ሕግ ነው።

ግብሩ ለትምህርት ቤት ይውላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ነበር። ዛሬ ግን የቤት ግብር ለትምህርት ተለይቶ አይሰበሰብም፤ የመምህራን ደመወዝ የሚከፈለው ክልሉ በድጎማ ከሚያከፋፍለውና ከወረዳው ወይም ከከተማው በጀት ሲሆን፣ የመማሪያ ክፍል ግንባታ በብዙ ስፍራ የኅብረተሰቡ መዋጮ ይታከልበታል። መዋጮው ግብር ስላልሆነ የግብር ገደብ አይመለከተውም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ሥርዓቱ የተለየ ነው፤ ትምህርት ቤቶች በከፊል በአካባቢው የንብረት ታክስ ይተዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መራጮች ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ግምት ከዋጋ ግሽበት በላይ እንዳያድግ የሚገድብ ድንጋጌ አጸደቁ። ይሁንና የትምህርት ቦርዶች እስከ መጋቢት ወር 2025 መጀመሪያ ድረስ ከገደቡ እንዲወጡ ተፈቅዶላቸው ስለነበር፣ ብዙዎቹ ገቢያቸው እንዳይቀንስ በመስጋት ወጥተዋል። በዚያ ለጡረተኛው የተተወው ገንዘብ በቀጥታ ከመማሪያ ክፍሉ የሚጎድል ነው፤ በእኛ ሀገር ጉድለቱ የሚታየው በከተማው ጠቅላላ በጀት ውስጥ ነው።

የግምት ማስታወቂያ የደረሰው ባለቤት የቤቱ ስፋት፣ የተሠራበት ቁሳቁስና አገልግሎቱ በትክክል መመዝገባቸውን ሊያጣራ ይገባል። በተለይ መኖሪያው ንግድ ቤት ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ቅሬታውን በጽሑፍ ለከተማ አስተዳደሩ በወቅቱ ማቅረብ ይኖርበታል።