የቀለጠ አሉሚኒዩም ማማሰልና የቅይጡ ጥንካሬ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

አሉሚኒዩም ቀላልና ዝገት የማይበላው ቢሆንም ንጹሑ ልል ነው። በ1886 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፥ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል በርካሽ የሚወጣበትን መንገድ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ «እንዴት እናጠንክረው?» የሚል ሆነ። ጥንካሬ ስንል ሌላ ጠንካራ ነገር ሲጫነው በቀላሉ አለመሰርጐዱን ነው፤ ይህንም በብረት ኳስ ተጭኖ መለካትን ስዊድናዊው ብሪኔል በ1900 አስተዋወቀ።

የመጀመሪያው መልስ መቀየጥ ነበር። የራይት ወንድማማቾች በ1903 ያበረሩት አውሮፕላን የሞተሩ አካል ከመቶ 8 እጅ ያህል መዳብ ካለበት አሉሚኒዩም ቀልጦ የተሠራ ነበር። በ1906 ደግሞ ጀርመናዊው ቪልም መዳብና ማግኒዚዩም የገባበትን ቅይጥ አግሎ በድንገት ካቀዘቀዘው በኋላ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ሲጠነክር አየ።

ከዚህ የተነሣ ምስጢሩ ሁሉ በቅመሙና በእሳቱ ነው ለማለት ይቃጣን ይሆናል። ነገር ግን አረጋጉም ድርሻ አለው። የቀለጠ ቅይጥ ሳይነካ ሲረጋ፥ ክሪስታሎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጡ ይጠላለፋሉ። በመካከላቸው የቀረው ፈሳሽ በመጨረሻ ሲረጋ ስለሚኰማተር ቀዳዳ ይተዋል፤ ቅመሙም በአንዱ ስፍራ በዝቶ በሌላው ያንሳል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ በፕሮፌሰር ፍሌሚንግስ ሥር ይማር የነበረው ስፔንሰር የሚመረምረው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም ቅይጥ በመርጋት ላይ ሳለ ስለ ምን እንደሚሰነጠቅ ነው። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ እያማሰለ ሲያቀዘቅዝ ግን ያልጠበቀውን አገኘ። ሳይነካ ሲረጋ ከመቶ 20 እጅ ያህሉ እንደ ጠጠረ የሚገትረው ቅይጥ፥ ሲማሰል 40 እጅ ያህሉ ጠጥሮም ይፈስ ነበር፤ የረጋ እርጎ ሲናጥ እንደሚቀጥን ዐይነት ነው። ቅርንጫፎቹ ጠፍተው ክሪስታሎቹ ድቡልቡል ሆነው ነበር። ውጤቱ በ1972 ታተመ፤ ዘዴውም ወደ አሉሚኒዩም ተሻገረ።

ለጥንካሬ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ቅመሙ በእኩል ሲዳረስና ቀዳዳው ሲቀንስ የሚሰረጐድ ደካማ ስፍራ ያንሳል፤ ክሪስታሉ ሲደቅም ቅይጡ ይጠነክራል። ይሁን እንጂ ማማሰል ሁሉ አይበጅም። ፈሳሹ ላይ ያለው ስስ ቅርፊት ከተሰበረ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከአየር እርጥበት የሚመጣ ሃይድሮጂንም ሟሙቶ በመርጋት ጊዜ ቀዳዳ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ማቈየትም ክሪስታሉን መልሶ ያሳድገዋል። በ2000 አካባቢ በዚያው ኢንስቲትዩት፥ መርጋት ሲጀምር በቀዝቃዛ ዘንግ ለጥቂት ሰኮንድ ማማሰል እንደሚበቃ ታየ።

ስለዚህ ማማሰል የቅመምንና የእሳትን ሥራ ያግዛል እንጂ አይተካም። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ይተርፈናል፤ ስፔንሰር ያልጠበቀውን ውጤት እንደ ስሕተት ቈጥሮ አልጣለውም።