ከመሪ ልጅ እስከ ድረ ገጽ፦ አካል ጉዳተኛና ረዳቱ የተገናኙባቸው መንገዶች

በወለንጪቲና በዙሪያዋ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ የአካል ጉዳተኛ የመጀመሪያ ረዳት ከቤት የሚገኝ ነበር። ዐይነ ስውሩ ገበያ ሲወጣ ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ የከዘራውን ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ዘመድ የሌለው ከችግረኛ ቤተሰብ ልጅ ይወስድና ምግቡንና ልብሱን ይችለዋል። ልማዱ በደግነቱ ሲመሰገን ኖሯል፤ መሪው ልጅ ከትምህርት መቅረቱ ግን ብዙም አልተነገረለትም። የቤተ ክህነት ትምህርት በዚህ ይሻል ነበር፤ ዐይነ ስውር የሆኑ የቅኔና የድጓ መምህራንን የሚመራ ደቀ መዝሙር እያገለገለ ይማራል።

የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወለንጪቲ ከአዳማ በስተምሥራቅ፣ ወደ መተሐራና አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡርም በዚያ ያልፍ ነበር። እንዲህ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ረዳት ፍለጋው በደላላ እጅ ገባ። አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ ያለው ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ለደላላው ይነግራል፤ እሱም ከገጠር የመጣች ልጅ አምጥቶ ኮሚሽኑን ይቀበላል። አሠሪው ተያዥ ይጠይቃል። ተያዡ ልጅቷን የሚያውቅ የከተማ ሰው ሲሆን፣ ዕቃ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው። ዋስትናው ግን ለንብረት እንጂ ለታማሚው አልነበረም፤ ታማሚው ቢንገላታ ማንም ተያዥ አይጠራም። ልጅቷም ብትሆን ወጡና ልብስ አጠባው ላይ ሰው ማንሣትና ማገላበጥ ሲደረብባት፣ ወገቧን ሳትጎዳ እንዴት እንደምታነሣ የሚያሳያት አልነበረም።

ዘመናዊው አገልግሎት የተተከለው ከእነዚህ ከተሞች ርቆ ነው። የኢትዮጵያ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ተቋቋመ። በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክመው የቼሻየር ማዕከል በ1950ዎቹ አጋማሽ በመናገሻ ሥራ ጀመረ፤ መንግሥትም በ1963 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት መሠረተ። በሰበታና በሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሁሉም ተረጂውን ወደ ራሳቸው የሚጠሩ ናቸው፤ ከወለንጪቲ የሚነሣ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ለማሠራት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ዘመድ ቤት ማደር ነበረበት። ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ የሚባለው አሠራር ኋላ ላይ ይህን ገለበጠው፤ የሠለጠነ የመስክ ሠራተኛ ቤት ለቤት እየሄደ ለእናትየው የልጇን እግር እንዴት እንደምታንቀሳቅስ ያሳያል። ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ነበር፤ ግን የለጋሽ ገንዘብ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ሕጉም በየደረጃው መጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ረዳት እንዲመድብ ግዴታ ጣለ፤ ሆኖም ይህ ለሥራ ቦታ እንጂ ለቤት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሠርተው መብላት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ለቀለብ የታሰበ በመሆኑ ግን ረዳት ለመቅጠር አይተርፍም።

በሌላው ዓለም ተጠቃሚና ረዳት ዛሬ በድረ ገጽ ይገናኛሉ፤ የዚህ ገበያ ሥር ግን ከኢንተርኔት ይቀድማል። በአሜሪካ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1972 በአካል ጉዳተኞች የተቋቋመው የነፃ ኑሮ ማዕከል የረዳቶች ዝርዝር እየያዘ ያገናኝ ነበር፤ መራጩም ቀጣሪውም ተጠቃሚው ራሱ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ የድጋፉን በጀት በሰውየው ስም መመደብ ስትጀምር፣ ሜብልና ሃይርአፕ የመሳሰሉ ድረ ገጾች ተስፋፉ። ተጠቃሚው በሰፈሩ ያሉትን ረዳቶች አይቶ ይመርጣል፣ ሰዓትና ዋጋ ይስማማል፤ ረዳቱ ወንጀል የሌለበት መሆኑ ይጣራል። ሃይርአፕ ረዳቶቹን ራሱ ይቀጥራል፣ በሜብል ግን በግላቸው ይሠራሉ፤ ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ ማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ፣ የተያዡ ጥያቄ፣ እዚያም አለ።

በኢትዮጵያ ደላላው ዛሬ በስልክና በቴሌግራም ይሠራል። ማገናኛው ከአገልግሎት ፈላጊው እጅ አልጠፋም፤ የጠፋው በስሙ የተመደበ ገንዘብ ነው። ክፍያው እስከ አሁን ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል፣ ወይም ሥራው በነፃ ይሠራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዐይነ ስውር ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነቡትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው።