ከቁጥር ወደ ስም፤ ስለ ዘፈን ቅጂ ክርክርና ስለ ኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ምሥጢር ጠባቂነት

በዚህ አጭር ጥናት ለመመርመር የታሰበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። አንድ ሰው በኢንተርኔት መሥመር አማካይነት የሌላውን ሰው ዜማ ወይም ፊልም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቢቀዳ፣ መሥመሩን የሚያከራየው ኩባንያ የዚያን ሰው ስም አሳልፎ የመስጠት ግዴታ አለበትን? ካለበትስ ስሙን ሊጠይቀው የሚችለው ማን ነው? ዳኛ ነውን? የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነውን? ወይስ ተበደልሁ ባዩ ነጋዴ ራሱ? ስለ ዲጂታል ቅጂ ዝርፊያ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በገንዘቡ ላይ ነው፤ ዘፋኙ ምን ያህል ተጎዳ፣ አሳታሚው ምን ያህል ከሰረ እያለ ይቈጥራል። ይህም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለታሪክ ተማሪ ከገንዘቡ ክርክር ይልቅ የስሙ ክርክር ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ ይታያል፤ ዛሬ ስለ ኢንተርኔት ተጠቃሚ ገመና ከሚጠቀሱት ፍርዶች ብዙዎቹ የተወለዱት ከዘፈን ክስ ነውና። (የኢትዮጵያ ዘመን ነው ካልተባለ በቀር፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ነገሩን ለመከተል ስለ መሥመሩ አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ መሣሪያ ሁሉ የአይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። ይህን ቁጥር ከመሣሪያው ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ሰው ሊያየው ይችላል። ይህም በደብዳቤ ላይ እንደምንጽፈው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ፖስተኛውም፣ ላኪውም፣ አላፊ አግዳሚውም ያነበዋል፤ የሣጥኑ ተከራይ ማን እንደ ሆነ በመዝገብ የሚያውቀው ግን ፖስታ ቤቱ ነው። ልዩነቱ፣ የኢንተርኔት ኩባንያ ቁጥሩን ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ደንበኛ እያዛወረ የሚያውል መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይህ ቁጥር የማን ነበር ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በኩባንያው መዝገብ ብቻ ነው። ከውጭ ያለው ሰው ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ስም ይዞ ለመሄድ ግን በኩባንያው ደጃፍ ማለፍ አለበት።

በመጀመሪያ ይህን ደጃፍ ማንኳኳት አላስፈለገም ነበር። በ1999 በቦስተን የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሾን ፋኒንግ ናፕስተር የተባለውን ፕሮግራም ባወጣ ጊዜ፣ ተጠቃሚዎች ዘፈን የሚለዋወጡት በቀጥታ እርስ በርሳቸው ቢሆንም፣ ማን ምን ዘፈን እንዳለው የሚያሳየው ማውጫ በናፕስተር እጅ ነበር። የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከሰሰው። በ2000 ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ ከ300,000 በላይ የተጠቃሚ ስሞች አስለቅሞ ለኩባንያው አቀረበ፤ ስሞቹ ግን ሰዎቹ ለራሳቸው ያወጧቸው የብዕር ስሞች እንጂ እውነተኛ መጠሪያዎች አልነበሩም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2001 በናፕስተር ላይ ፈረደ፤ በጁላይም ሥራው ቆመ። ከእርሱ በኋላ የመጡት፣ እንደ ካዛ ያሉት፣ ማውጫውን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ትተው በተጠቃሚዎች መሣሪያ ላይ በተኑት። እንግዲህ ሊከሰስ የሚመች አንድ ማዕከል ስለ ጠፋ፣ አሳታሚዎቹ ፊታቸውን ወደ ተጠቃሚው አዞሩ። በእጃቸው የነበረው ቁጥር ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚመስል አንቀጽ ቀደም ብሎ ተጽፎ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በኦክቶበር 28 ቀን 1998 የፈረሙት የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ በመሠረቱ የስምምነት ሕግ ነበር፤ አገልግሎት ሰጪዎች ደንበኞቻቸው በሚፈጽሙት ጥፋት እንዳይጠየቁ ከለላ አገኙ፣ በምላሹም ከባለ መብቶች ጋር እንዲተባበሩ ታዘዙ። የሕጉ ክፍል 512፣ በንኡስ ክፍል «ኤች»፣ ባለ መብቱ ማመልከቻ ሞልቶና ቃሉን በመሐላ አረጋግጦ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ቢያቀርብ፣ ሬጅስትራሩ ስም የሚያስገልጥ ማዘዣ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ክስ አስቀድሞ መከፈት የለበትም። ዳኛ ፍሬ ነገሩን አይመረምርም። ስሙ የሚገለጥበትም ሰው አይሰማም።

በአገራችን የነበረውን አውጫጭኝ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ማነጻጸር ሊወድ ይችላል። ሌባው ባልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ ተጠይቆ ወንጀለኛውን ያወጣ ነበር፤ ካላወጣም ዕዳው በኅብረት ይወድቅበት ነበር። ነገር ግን በአውጫጭኝ ጠያቂዎቹ ከሕዝቡ የተመረጡ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ በአሜሪካው አንቀጽ ጠያቂው ባለ ጉዳዩ ራሱ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይመስለኝም።

በጁላይ 24 ቀን 2002 የአሳታሚዎቹ ማኅበር ቬራይዘን ለተባለው የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ በዚህ አንቀጽ መሠረት ማዘዣ አደረሰ። የተፈለገው ከ600 በላይ ዘፈኖችን በካዛ ለሌሎች ክፍት አድርጓል የተባለ አንድ ደንበኛ ነው። ቬራይዘን ስሙን አልሰጥም አለ። ክርክሩም ይህ ነበር፤ አንቀጹ የሚመለከተው ዕቃው በኩባንያው ጎተራ ተከማችቶ ሲገኝ ነው፤ እነዚህ ዘፈኖች ግን ያሉት በደንበኛው ቤት ባለው ኮምፒዩተር ነው፤ እኛ አስተላላፊዎች ብቻ ነን የሚል ነው። ከዚህም ጋር፣ ቅጂ መብት አለኝ የሚል ማንም ሰው በአንድ ቅጽ የማያውቀውን ሰው ስምና የቤት አድራሻ ማግኘት ከቻለ፣ የሚመጣው ሁሉ የዘፈን ባለቤት ብቻ እንደማይሆን አመለከተ።

በዋሺንግተን የአውራጃው ፍርድ ቤት ዳኛ ጆን ቤትስ በጃንዋሪ 21 ቀን 2003 ለማኅበሩ ፈረዱ፤ በኤፕሪልም ቬራይዘን በሕገ መንግሥቱ ላይ የመሠረተውን መከራከሪያ ሳይቀበሉ ቀሩ። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ፣ ይግባኙ እስኪሰማ ትእዛዙ እንዲታገድለት ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም፤ ስለዚህ በጁን 2003 የአራት ደንበኞችን ስም አስረከበ። በዲሴምበር 19 ቀን 2003 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የታችኛውን ፍርድ ሻረ። ቬራይዘን አሸነፈ፤ አራቱ ስሞች ግን አስቀድመው ወጥተዋል። በገንዘብ ጉዳይ የተሻረ ፍርድ ገንዘቡን ያስመልሳል፤ የታወቀ ስም ግን ተመልሶ የማይታወቅ አይሆንም። ዛሬ የግል ምሥጢር የሚነካ ትእዛዝ ሁሉ ከመፈጸሙ በፊት ይታይ የሚሉ ሰዎች ሊጠቅሱት የሚገባቸው ከዲሴምበሩ ፍርድ ይልቅ ይህ የጁን ወር ይመስለኛል።

የይግባኙ ፍርድ ስለ ገመና ክቡርነት የተናገረው ነገር አለመኖሩም መታወቅ አለበት። ዳኞቹ የሄዱት በአንቀጹ ቃል ነው፤ ማዘዣው ከእርሱ ጋር የሚነሣውን ወይም የሚዘጋውን ዕቃ የሚጠቁም ማስታወቂያ እንዲያያዝበት ያዛል፤ አስተላላፊ ኩባንያ ግን የሚያነሣው ነገር የለውም፤ ስለዚህ አንቀጹ አይመለከተውም። የአሳታሚዎቹን ሥጋት ቀላል አድርገው አላዩም፤ ነገር ግን ሕጉን ለአዲሱ ዘዴ ማስተካከል የምክር ቤቱ ሥራ ነው አሉ። እኔም ቬራይዘንን የነጻነት አርበኛ አድርጎ መሳል ስሕተት ይመስለኛል። በየቀኑ በሺህ የሚቈጠር ማዘዣ መመለስ ወጪ ነው፤ ደንበኛን አሳልፎ መስጠትም ደንበኛን ያሸሻል። የተከራከረው ለራሱ ጥቅም ሲሆን፣ ከጥቅሙ ሌሎችም ተጠቀሙ።

በመካከሉ ማዘዣዎቹ ሥራቸውን ሠርተው ነበር። በሴፕቴምበር 8 ቀን 2003 ማኅበሩ በአንድ ቀን 261 ሰዎችን ከሰሰ፤ ከእነርሱም አንዷ በኒው ዮርክ የምትኖር የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጉዳዩ በ2,000 ዶላር ዕርቅ አለቀ። በ2005 ደግሞ ክስ የቀረበባቸው አንዲት የ83 ዓመት አሮጊት ክሱ ሳይከፈት አስቀድመው ሞተው ተገኙ። እነዚህ ለጋዜጣ ማጣፈጫ ብቻ አይደሉም። ቁጥሩ የሚያመለክተው ሒሳብ የሚከፍለውን ሰው እንጂ በኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠውን አለመሆኑን ያሳያሉ፤ በአንድ ቤት አባት ይከፍላል፣ ልጅ ይጠቀማል፣ እንግዳም ይጠቀማል። ከዲሴምበሩ ፍርድ በኋላ አሳታሚዎቹ ስሙ ባልታወቀ ተከሳሽ ላይ ክስ እየከፈቱ፣ ስሙን በዳኛ ትእዛዝ ማግኘት ጀመሩ። ዘመቻው በ2008 መጨረሻ ሲቆም የተከሳሾቹ ቁጥር 35,000 ያህል ደርሶ ነበር። እንግዲህ ቬራይዘን ያተረፈው የስሙን መሰወር ሳይሆን፣ ስሙ ሲጠየቅ ዳኛ በመካከል እንዲቆም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የባለ ዜማው በደል ሊዘነጋ አይገባም። ዓመት ደክሞ ያሳተመው ሥራ በአንድ ሌሊት በነጻ ሲበተን፣ ስም እንዳይገለጥ የሚከራከረው ሁሉ ለእርሱ የሌባ ጠበቃ ቢመስለው አይፈረድበትም። የሚያከራክረው ግን በደሉ መኖሩ አይደለም።

በአውሮፓ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ በዚያ የግል መረጃ ጥበቃ ራሱን የቻለ መብት ነበርና። የስፔን የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ቴሌፎኒካ የካዛን ተጠቃሚዎች ስም እንዲሰጠው በጠየቀ ጊዜ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 29 ቀን 2008 የኅብረቱ ሕግ በፍትሐ ብሔር ክስ ስም ማስገለጥን ግዴታ እንደማያደርግ፣ አገሮቹ ግን ሁለቱን መብቶች ማመዛዘን እንዳለባቸው ፈረደ። ፈረንሳይ በ2009 ሦስት ጊዜ የተጠረጠረን ሰው ኢንተርኔት የሚያቋርጥ መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቋመች፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በጁን 10 ቀን 2009 ይህን ሥልጣን ሻረው። የጠቀሰውም የ1789ን የመብቶች መግለጫ ነው፤ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ዛሬ በኢንተርኔት መጠቀምን ስለሚጨምር፣ ማቋረጥ የሚችለው ዳኛ ብቻ ነው አለ። ሕጉ ተሻሽሎ ሲወጣ በዳኛ እንዲቋረጥበት የተፈረደበት ሰው አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ለ15 ቀን ነው፤ በጁላይ 2013 ቅጣቱ ራሱ ተሠረዘ። ሆኖም በኤፕሪል 30 ቀን 2024 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሙሉ ጉባኤ፣ መረጃዎቹ ተለያይተው እስከ ተጠበቁ ድረስ፣ የፈረንሳዩ መሥሪያ ቤት ከቁጥር ወደ ስም ያለ ዳኛ ፈቃድ እንዲሻገር ለመጀመሪያዎቹ ማስጠንቀቂያዎች ፈቀደ። የዳኛው ደጃፍ በአንድ ወገን ሲጠብቅ በሌላው ወገን ላልቷል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ክሱ ከተጠቃሚው ወደ ኩባንያው ተመልሷል። በዲሴምበር 2019 አንድ ጁሪ ኮክስ የተባለው አገልግሎት ሰጪ ደንበኞቹ ለቀዱት ከ10,000 በላይ ሥራ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። የካሳው መጠን በ2024 በይግባኝ ተሠረዘ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2025 ጉዳዩን ለማየት ተቀበለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚያሰኝ ነው፤ እንዳይመታ የፈራ ዳዋም አይጦቹን ራሱ ለመቈጣጠር ይገደዳል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሕጉ ቃል የሚያሳፍር አይደለም። የደራሲና የባለ ዜማ መብት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተደንግጓል (እነዚህ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው)። የደብዳቤ ምሥጢር በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ተጠብቆ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ ጥበቃውን እስከ ስልክና ኤሌክትሮኒክ መገናኛ ያደርሰዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪው የግንኙነት መዝገቡን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ፣ ፍርድ ቤትም ካላዘዘ በቀር በምሥጢር እንዲጠብቀው ያዛል። ይህ ቬራይዘን ሊያገኘው ከተከራከረበት ነገር የራቀ አይደለም።

ነገር ግን አንቀጽ ትርጉሙን የሚያገኘው አንዱ እንቢ ሲል ሌላው ሲከስ፣ ዳኛም በመካከላቸው ፈርዶ ምክንያቱን ሲጽፍ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ በኢትዮጵያ የነበረው አስተላላፊ አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነው፤ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሸሻል ብሎ የሚሠጋበት ምክንያት አልነበረውም፤ ቬራይዘንን ለክርክር ያነሣው ጥቅም በእርሱ ዘንድ አልተገኘም። አሁን አስተላላፊዎቹ ሁለት ሆነዋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ለሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ጠባብ ነው፤ በአንቀጽ 24 ፍርድ ቤት ሲያዝ ማለት ዳኛ ባለ ጉዳዩን ሰምቶ ሲወስን ማለት ነውን፣ ወይስ የሬጅስትራር ማኅተም ይበቃል? ወንጀልን ለመመርመር የተቀመጠውን መዝገብስ ዜማው የተቀዳበት ሰው በፍትሐ ብሔር ክስ ሊያስከፍተው ይችላልን?