ሮማውያን ዓመታቸውን የሚዘጉበት ወር

ከውጭ አገር ወደየመሥሪያ ቤታችሁ በሚመጣው ደብዳቤ ላይ ፌብሩዋሪ የሚለውን የወር ስም ሳታዩት አልቀራችሁም። ወሩ ከእኛ ጥር መጨረሻ አንሥቶ አብዛኛውን የካቲት ይይዛል። ስሙ የወጣው ፌብሩዋ ከሚባለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ትርጓሜውም ለማንጻት ሥርዓት የሚያገለግል ነገር ማለት ነው። የሮማውያን ዓመት በጥንት ጊዜ የሚጀምረው በማርች ስለነበረ፣ ፌብሩዋሪ ሰው ከሙታን፣ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ያለውን ሒሳብ የሚዘጋበት የመጨረሻ ወር ነበር።

አስቀድመው የሚታሰቡት ሙታን ናቸው። ከ13ኛው እስከ 21ኛው ቀን ፓሬንታሊያ የተባለው የአባቶች መታሰቢያ ይውላል። በነዚህ ቀኖች ቤተ መቅደሶች ይዘጋሉ፤ ሠርግ አይደረግም፤ ሹማምንትም የሥልጣናቸውን ምልክት አውልቀው እንደ ተራ ሰው ይታያሉ። (ሹም ሆኖ ለዘጠኝ ቀን ተራ ሰው መሆን ቀላል ፈተና እንዳይመስላችሁ!) በከተማ ውስጥ መቅበር በሕግ የተከለከለ ነበርና፣ መቃብሮቹ የሚገኙት ከከተማ በሚወጡት መንገዶች ዳር ነው። ባለቅኔው ኦቪድ እንደ ጻፈው፣ ለሙታን የሚቀርበው ስጦታ የአበባ ጉንጉን፣ ጥቂት እህልና ጨው፣ በወይን ጠጅ የራሰ ዳቦ ብቻ ነው፤ ይህም በገል ላይ ይቀመጣል። በጦርነት ምክንያት መታሰቢያው በተዘነጋ ጊዜ ሙታን ከመቃብር ወጥተው በየመንገዱ አለቀሱ የሚለውን ወሬ ሲያወራ ግን፣ እሱ ራሱ ለማመን እንደሚቸግረው አይሸሽግም።

በ15ኛው ቀን የሚውለው ሉፔርካሊያ ከሁሉ ይልቅ ስመ ጥር ነው። ወጣቶች ፍየል ሠውተው፣ ከቆዳው ጠፍር ቆርጠው፣ ዕርቃናቸውን ለመሆን ጥቂት ሲቀራቸው ይሮጣሉ፤ መውለድ የሚሹ ሴቶችም በጠፍሩ ለመመታት ይቀርቡላቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት አንቶኒዮስ ለዩልዮስ ቄሣር ዘውድ ያቀረበለት በዚሁ በዓል ነው፤ ቄሣር ዘውዱን ባይቀበልም አንድ ወር ያህል ቆይቶ ተገደለ። ሮማ ክርስቲያን ከሆነች በኋላም በዓሉ አልጠፋ ብሎ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ የሮማው ጳጳስ ገላስዮስ በጽሑፍ ተቃውሞታል።

የሙታን ቀን ባለቀ ማግሥት፣ በ22ኛው ቀን፣ በሕይወት ያሉት ዘመዳሞች ባንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ባዕድ አይጠራም፤ ቅያሜ ያላቸውም በዚያው ማዕድ ይታረቃሉ።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን የ23ኛውን ቀን በዓል ቴርሚናሊያን ነው፤ የወሰን ክርክር መዝገብ ያገላበጠ አንባቢ ምክንያቱን ወዲያው ይረዳዋል። ቴርሚኑስ የድንበር ድንጋይ አምላክ ነው። ሁለቱ ባለርስቶች በየበኩላቸው መጥተው ድንጋዩን ጉንጉን ያለብሱታል። የቤቱ እመቤት ከምድጃዋ እሳት በገል ይዛ ትመጣለች፤ ልጁ ሦስት ጊዜ እህል ወደ እሳቱ ይበትናል፤ ትንሿ ልጅ የማር ወለላ ታቀርባለች። ድንጋዩም በጠቦት ደም ይረጫል፤ ከዚያም ጎረቤታሞቹ አብረው ይበላሉ። እንግዲህ ያን ድንጋይ በሌሊት ሊገፋ የሚያስብ ሰው፣ ዳኛን ብቻ ሳይሆን አብሮ የበላውን ጎረቤቱንም መድፈር ነበረበት።

ሮማውያን ይተርኩት እንደነበረው፣ በካፒቶል ኰረብታ ላይ የዩፒተር ታላቅ ቤተ መቅደስ ሲሠራ፣ ሌሎቹ አማልክት ስፍራቸውን ሲለቁ ቴርሚኑስ አልለቅም አለ። ስለዚህ ድንጋዩ በዚያው በቤተ መቅደሱ ውስጥ ቀረ፤ በላዩም ከሰማይ በቀር ምንም እንዳይኖር ከጣራው ላይ ቀዳዳ ተተወለት።