ማራገቢያ ከማያውቀው ቩዱ እስከ 575 ዋት

ጌም የምንወድ ሰዎች ስለ ግራፊክስ ካርድ ስናወራ ቀድመን የምንጠያየቀው «ስንት ፍሬም ያወጣል?» ብለን ነው። «ስንት ዋት ይበላል? ሙቀቱንስ የት ያደርሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ትዝ የሚለን ብዙ ጊዜ ብሩ ከኪሳችን ከወጣ በኋላ ነው። የካርዶቹን ታሪክ ስናገላብጥ ግን ኩባንያዎቹን ሲያስጨንቅ የኖረው ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1996 እንጀምር። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በዚያ ዓመት ያወጣው ቩዱ የቤት ኮምፒውተርን ጌም መልክ ሲቀይር ማራገቢያ እንኳ አልነበረውም። የሚበቃውን ኤሌክትሪክ ከተሰካበት ማዘርቦርድ ያገኝ ነበር። በ2000 ያው ኩባንያ አራት ቺፕ በአንድ ካርድ ላይ ደርድሮ ቩዱ 5 6000ን ሲያዘጋጅ ግን ማዘርቦርዱ አልቻለውም። ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ተዘጋጀለት። ካርዱ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ፤ በሌሎች ችግሮችም የተወጠረው ኩባንያ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ንብረቱን ለተቀናቃኙ ለኢንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ።

ተራው ወደ ኢንቪዲያ ዞረ። በ2003 የወጣው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ ማቀዝቀዣው የሁለት ካርድ ቦታ ይይዛል፤ ጩኸቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ተጠቃሚዎች በእጅ በሚያዝ የአቧራ መጥረጊያ ስም «ደስትባስተር» አሉት። ኩባንያው ራሱ በገዛ ካርዱ ላይ የሚያሾፍ ቪዲዮ እስከ መሥራት ደረሰ። የሚያሳዝነው፣ ያን ሁሉ ጮኾም ከወራት በፊት የወጣውን የኤቲአይን ራዲዮን 9700 ፕሮ በአግባቡ መብለጥ አለመቻሉ ነው።

በ2004 ፒሲአይ ኤክስፕረስ መጣና መንገዱ ሰፋ። ማስገቢያው ብቻውን 75 ዋት ይሰጣል። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው ባለ ስድስት ፒን ኬብል 75፣ ባለ ስምንቱ ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። መንገድ ሲሰፋ መኪና ይበዛል እንደሚባለው፣ በ2010 ጂቲኤክስ 480 250 ዋት ደረሰ። በ2014 ኤኤምዲ ሁለት ቺፕ የያዘውን ራዲዮን አር9 295ኤክስ2ን በ500 ዋት ሲያወጣ አየር አልበቃ ብሎት ከፋብሪካው የውኃ ማቀዝቀዣ አስሮለት ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሮበርት ዴናርድ የተባለው የአይቢኤም መሐንዲስና ባልደረቦቹ በ1974 ያሳዩት ነገር ነበር፦ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ስለሚወርድ፣ በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ቢታጨቅም ሙቀቱ አይጨምርም። ይህ ፀጋ በ2000ዎቹ አጋማሽ አካባቢ አበቃ፤ ቮልቴጁ እንደ ልብ አልወርድም አለ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ትራንዚስተር ሁሉ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ይዞ መምጣት ጀመረ።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በፊዚክስ ላይ መደፍደፍ አይቻልም። በ2013 የወጣው ጂቲኤክስ 780 ቲአይ 250 ዋት ይወስድ ነበር። በዓመቱ የተከተለው ጂቲኤክስ 980 በዚያው በ28 ናኖሜትር አሠራር ተመርቶ፣ በ165 ዋት ብቻ ቀደመው። ዲዛይኑ ላይ ስለታሰበበት ነው። ስለዚህ ዋት የሚጨምረው በግዴታ ብቻ ሳይሆን በምርጫም ነው፤ ውድድሩ ሲጠነክር ኩባንያው የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት በብዙ ዋት ይገዛታል።

የቅርቡ ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። አርቲኤክስ 3090 በ2020 350 ዋት፣ 4090 በ2022 450 ዋት፣ 5090 በ2025 575 ዋት። የ4090 እና የ5090 ኃይል በአንዲት ትንሽ ባለ 16 ፒን ማገናኛ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ12 ቮልት 575 ዋት ማለት ወደ 50 አምፔር የሚጠጋ ነው። በ2022 የአንዳንድ 4090ዎች ማገናኛ ቀለጠ። ኢንቪዲያ ያወቃቸው ጉዳዮች 50 ገደማ መሆናቸውንና ዋናው ምክንያት ሶኬቱ እስከ መጨረሻው አለመሰካቱ እንደሆነ ገለጸ። ማገናኛው ተሻሽሎም በ2025 ከ5090 ባለቤቶች ተመሳሳይ አቤቱታ ተሰምቷል።

እንግዲህ ካርድ ለመቀየር ላሰብን ሰዎች ከዚህ ታሪክ የሚተርፈን ምንድን ነው? አንደኛ፣ ካርድ ብቻውን አይገዛም። ኢንቪዲያ ለ5090 የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ 1000 ዋት ነው፤ አሮጌው 550 ዋት ከሆነ ሒሳቡ ካርዱ ላይ አያበቃም። ሁለተኛ፣ ካርዱ የበላው ዋት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ክፍላችን ውስጥ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ማራገቢያ እዚህ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል፤ ውጭ አገር የተለካን የሙቀት ውጤት እንዳለ ማመን አይገባም።

ሦስተኛ፣ የካርዱን የዋት ጣሪያ በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ዋቶች የሚሰጡት ፍጥነት ትንሽ ስለሆነ፣ የሚቀንሰው ፍሬም ከሚቀንሰው ሙቀት በጣም ያነሰ ነው። ያለን ካርድ የምንጫወተውን ጌም ሳይንገዳገድ የሚያጫውት ከሆነ ግን፣ በ575 ዋት መቀየሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አቧራውን አራግፎ፣ የኬዙን የአየር መንገድ ከፍቶ፣ እንደ ጂቲኤክስ 980 በአነስተኛ ዋት የሚቀድም ካርድ እስኪመጣ መጠበቅም ይቻላል። አንድ ጊዜ መጥቶ አይተናልና።