ርስት በሺ ዓመቱ፤ ድምፅስ?

«ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል ያገራችን ሰው። በጎንደርም ሆነ በጎጃም በነበረው የርስት ሥርዓት፣ አንድ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ካስረዳ፣ ለዘመቻ ወጥቶም ይሁን እንጀራ ፍለጋ ተሰዶ፣ ርቆ በመቆየቱ ብቻ ድርሻው አይቀርበትም ነበር። ክርክሩ ቀላል ነበር አንልም፤ ዳኛውንም ሽማግሌውንም ያደክማል። ቢሆንም የራቀ ሰው እንደሞተ አይቆጠርም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ያ ሥርዓት አበቃ። ይህን ያነሣነው ርስት ይመለስ ለማለት አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ከመካነ ብርሃን ወጥቶ ጠረፍ የሚጠብቀው ወታደር፣ ወይም ባሕር ተሻግሮ የሚኖረው ያገር ልጅ፣ መሬቱ የጠበቀችለትን ያህል ድምፁስ ትጠብቅለታለች ወይ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ስለዚህ በ1943 የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት፣ ወታደሩ በመራቁ ያጣው ድምፅ አልነበረም፤ እቤቱ የቀረው ገበሬስ መች ነበረውና!

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ግን 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ መራጭ ሆነ፤ የመጀመሪያው ምርጫም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1957 ተካሄደ። ታዲያ መብቱ ከቦታ ጋር ታሰረ። መራጩ በምርጫው ወረዳ ነዋሪ ወይም ዘወትር የሚገኝ መሆን ነበረበት። በ1961 (አሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር) ሁለተኛው ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ወታደሮቻችን ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ኮንጎ ላይ ነበሩ። ኮንጎ ያለ ወታደር እንዴት ብሎ ጃናሞራ «ዘወትር ይገኛል»?

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ፣ በፈረንጅ 1864፣ ብዙዎቹ የሰሜን ክፍለ ግዛቶች ወታደሩ በጦር ሰፈሩ ሆኖ እንዲመርጥ ፈቀዱ፤ የሚበዛው ድምፅም ለሊንከን ሆነ። ያኔም ሙግቱ፦ አለቃው አጠገቡ ቆሞ ወታደሩ በነፃ ይመርጣል ወይ? የሚል ነበር።

በቅርባችን ትልቁ ምሳሌ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 የተደረገው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ድምፅ ከሰጡት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል ከ150 ሺ በላይ የሚሆኑት በሱዳን፣ ከ57 ሺ በላይ የሚሆኑት በኢትዮጵያ ውስጥ ነበሩ፤ ታጋዮቹም ለብቻ ተቆጥረዋል። ሣጥኑ ሰዉን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣ፣ እዚህ ድምፅ መስጠታቸው የባዕድ ዜግነት ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረባቸውና፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት አገር ተባረሩ። ከሩቅ የተሰጠ ድምፅ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ዛሬስ? የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በጦር ካምፖች፣ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማትና ተፈናቃዮች ባሉባቸው ሥፍራዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። እኛም ከቀያችን ወጥተን የምንማር ተማሪዎች ከነዚሁ እንቆጠራለን። ውጭ አገር ያለው ዜጋ ግን ቀርቷል። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ኤምባሲ ሄዶ የሚመረጥበት ሣጥን አልነበረም። ዜግነቱን የለወጠውማ በ1994 በወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ ሌላ ብዙ መብት ሲያገኝ፣ መምረጥና መመረጥ እንደማይችል በግልጥ ተጽፎበታል።

ለዚህ የሚቀርበው ምክንያት ከንቱ ነው አንልም። ውጭ ያለው ሰው የመረጠው ሹም አያስተዳድረውም፤ ግብሩንም የሚከፍለው ለሌላ ነው ይባላል። ይሁንና የውጭ አገር ፓስፖርት ያልያዘው፣ ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ለእናቷ ብር የምትልከው እህታችን፣ ዜግነቷ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሌላ የምትመርጥበት አገር የላትም። እዚህ ካልመረጠች የትም አልመረጠችም።

ስለዚህ በኛ አስተያየት ሁለቱን ለይቶ ማየት ይበጃል። ለወታደሩ ሣጥኑ አለለት፤ የሚያስፈልገው ምሥጢሩ ነው፤ መጋረጃው ውስጥ አለቃው እንዳይኖር፣ ታዛቢው ካምፑ ድረስ እንዲገባ። ለስደተኛዋ ደግሞ ሣጥኑ ራሱ የለም። ኤምባሲው ፓስፖርቷን የሚያድስላት ከሆነ፣ ዜግነቷን አረጋግጦ መዝግቧታል ማለት ነው፤ መዝገቡ ካለ የቀረው ሣጥኑ፣ ታዛቢውና የሕግ አውጪው ፈቃድ ነው። ባለርስቱ እኮ ለዳኛ ያቀርብ የነበረው የትውልድ ቆጠራውን ብቻ ነበር።