የእሳት እራትና ቅጠሏ፦ በግማሽ የተጻፈ ታሪክ

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው፣ እንደሚታወቀው፣ ያለ ሽቦ በአየር ከሚተላለፈው ስልክ ነው። በዚህ አካባቢ በዝናቡ ወራት የበረንዳ መብራት ያበራ ሰው ሌላም በአየር የመጣ እንግዳ ሊያይ ይችላል፤ ክንፏ እንደ ጭልፊት ክንፍ የሾለ፣ ገላዋ ደንዳና፣ በረራዋ ፈጣን የሆነች ትልቅ የእሳት እራት። ሊቃውንት ስፊንጊዴ ብለው ከሰየሙት ቤተሰብ ናት። ከዚሁ ቤተሰብ አንዷን፣ አግሪየስ ኮንቮልቩሊን፣ ስኳር ድንች የሚያለማ ገበሬ የሚያውቃት ግን በክንፏ ሳይሆን በልጅነቷ ነው። ያን ጊዜ ጣት የምታህል፣ ከኋላዋ ቀንድ ያላት፣ ሐረጉን ከቅጠሉ የምታራቁት ትል ናት።

አንዲት ፍጥረት በሁለት መልክ መኖሯ የጥናቷን ታሪክም ለሁለት ከፍሎታል። የክንፋሟ ታሪክ በሚገባ ተጽፏል። የትሏና የምግብ ተክሏ ታሪክ ግን እኩል አልተራመደም። ምክንያቱን መመርመር ለማኅበራችን አባላት ይጠቅማል ብለን እናምናለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1876 በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራው የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ወደ ሸዋ መጣ። ንጉሥ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ መሬት ሰጡት። አንቲኖሪ በዚያው በ1882 አረፈ። ከሸዋ የተሰበሰቡት ነፍሳት ወደ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ተልከው፣ ቢራቢሮዎቹንና የእሳት እራቶቹን ፈረንሳዊው ሻርል ኦበርቱር መርምሮ በ1880 እና በ1883 አሳተመ። በ1903 ዋልተር ሮትሺልድና ካርል ዮርዳን በእንግሊዝ አገር የዓለሙን የስፊንጊዴ ቤተሰብ ሁሉ ከ900 ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፍ አጠቃለሉ። በ1968 ደግሞ ናይሮቢ ይሠራ የነበረው ካርካሶን የአፍሪካውን ዝርዝር አድሶ አወጣ።

ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መንገደኛ የሚይዘው በመብራት ወይም በአበባ ላይ ያገኘውን ክንፋም ነው። እርሷን በመርፌ ወግቶ፣ አድርቆ በሣጥን ይወስዳል። ትሏ ግን ስትደርቅ ትጨማደዳለች፤ በአልኮል ስትቀመጥም ቀለሟን ታጣለች። የማን ልጅ እንደሆነች ለማወቅ እየመገቡ እስክትለወጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህም የነዋሪ እንጂ የመንገደኛ ሥራ አይደለም።

የዚህ ዘዴ ፋና ወጊ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ነበረች። ትሎችን በቤቷ እያሳደገች እያንዳንዷን ከምትመገበው ተክል ጋር በመሳል በ1679 መጽሐፍ አወጣች። በ1699 በ52 ዓመቷ ወደ ሱሪናም ተሻግራ፣ የዚያን አገር ነፍሳት ከነተክሎቻቸው የሚያሳየውን ታላቅ ሥራዋን በ1705 አሳተመች።

በአገራችን ዛሬ የጎደለው ይኸው ማያያዣ ነው። የክንፋሞቹ ስም ከላይ በተጠቀሱት መጻሕፍት ይገኛል። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ2009 በ8 ቅጽ ስለተጠናቀቀ የተክሎቹም ስም ታውቋል። የትኛዋ ትል የትኛውን ቅጠል እንደምትበላ የሚገልጸው ማስረጃ ግን የሚገኘው ከደጃችን ነው። ደጃችንም እየተለወጠ ነው። እርሻና ሜዳ የነበሩት ለቡና ጀሞ ዛሬ ሕንፃ ለብሰዋል። ቁጥቋጦው ሲመነጠር በእርሱ ላይ የምትኖረውም ትል አብራ ትሄዳለች፤ በመጽሐፍ የሚቀረው የክንፋሟ ስም ብቻ ይሆናል።

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለምሳሌ አኬሮንቲያ አትሮፖስ የተባለችው በጀርባዋ የራስ ቅል መሳይ ምልክት ያላት የእሳት እራት በትልነቷ ድንችና አስተናግር ትበላለች። እንዲህ ያለችን ትል ያገኘ ሰው አፈር በያዘ ዕቃ አስቀምጦ የተገኘችበትን ተክል ቅጠል በየቀኑ ይስጣት። ቀኑንና ስፍራውንም ይጻፍ። አፈር ውስጥ ገብታ ሙሽሬ ትሆናለች፤ ጊዜዋ ሲደርስም ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። ያን ጊዜ ቅጠሉን ለብሔራዊው ሄርባሪየም፣ የእሳት እራቷን አራት ኪሎ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቤተ መዘክር ማሳየት ይቻላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ከአባሎቻችን እያንዳንዱ በዓመት አንዲት ትል ከነቅጠሏ ቢመዘግብ በግማሽ የቀረው ታሪክ በአገሩ ሰዎች እጅ ይሞላል።